የውሰት ክንድ

መስከረም 12

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለጭራሮ፣

እንደምን ከርመሻል? ካለሽበት ድረስ ሰላምታዬ ይድረስሽ። ክፉ አይንካሽ፣ የሰው ፊት አይክበድሽ። እኔ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ።

እናትሽና እኔ የእህትማማች ልጆች እንጂ ከአንድ ሆድ የወጣን አይደለንም። ያም ሆኖ እሷ ካረፈች ወዲህ ከቤተሰቡ ላንቺ የሚጽፍልሽ እኔ ብቻ ሆኜ ቀረሁ። ይሁን፣ አልከፋኝም።

አባትሽ ደህና ነው። ያው እንደምታውቂው የአውቶብስ ድርጅታችን ጋራዥ ውስጥ መኪና ሥር ተጋድሞ ይውላል። በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ አንድ ቀን ራሱን አሞት አያውቅም፤ ሰው «ብረቱ» የሚለው በከንቱ አይደለም። የላክሽለትን ደብዳቤ ሰጠሁት። ፖስታውን አገላብጦ አየና ሳይከፍት መለሰልኝ። ሳትሰናበቺው ስለሄድሽ ይኸው አራት ዓመት ሙሉ ቂሙን እንደ ጥሩ መፍቻ ወልውሎ ይዞታል። ደብዳቤው እንደ ሌሎቹ እኔ ጋ ተቀምጧል።

ሥራዬን ካነሳን፣ ይህች አውቶብስ ሰሞኑን ልታዋርደኝ ነው። «ቀጥታ» የሚል ስም የወጣልኝ ያንን የሰባት ሰዓት መንገድ ሳልቆም ስለምነዳው እንደሆነ ታውቂያለሽ። አሁን ግን ራዲያተሩ በየአርባ ደቂቃው ይግልብኛል። ዳር አስይዤ፣ ኮፈኑን ከፍቼ፣ እስኪበርድ ዞር ዞር ማለት ነው። ደግነቱ ሁልጊዜ የሚግለው ዛፍ ወይ ግንብ ያለበት ቦታ ስንደርስ ነው። ተሳፋሪው ያጉረመርማል። አባትሽ ሁለት ጊዜ ፈታው፣ ምንም አላገኘበትም። «የሠራሁትን አበላሽተህ ነው» ብሎ ሰሞኑን አኩርፎኛል። እባክሽ ከዚያ ጥሩ የራዲያተር ክዳን ካገኘሽ ላኪልኝ።

ሌላው ደግሞ ወገቤን ትንሽ ብርድ መቶኛል፣ ከእንቅልፌ አራት አምስቴ ያስነሳኛል። ብርድ ነው፣ ይለቀኛል። ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ የቤታችን ግድግዳ ወረቀት ስለሆነ ነው፤ ባለቤቴ ማንኪያ ሲወድቅ እንኳ ከጎረቤት ትሰማለች።

አጎትሽ፣ ቀጥታ


ጥቅምት 8

ለተከበሩ ጋሼ፣

ጤናዎ እንደ ስምዎ ቀጥ ያለ ይሁንልኝ። ለልጆቹም ለእትዬም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። እኔ ደህና ነኝ።

ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ዛፍ እየመረጠ የሚግል ራዲያተር በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም።

እኔ የምሠራው ሆስፒታል ውስጥ፣ ላቦራቶሪው የናሙና መቀበያ መስኮት ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ደምና ሽንት እቀበላለሁ፤ ስም ጠይቄ፣ ስም አመሳክሬ፣ ብልቃጡ ላይ ስም እለጥፋለሁ። በእርስዎ ዕድሜ ያሉ ወንዶች ብልቃጣቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው ያመጡልኛል። ዐይኔን አያዩኝም፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ ነው የሚሰጡኝ። ስለዚህ ነውሩን ለእኔ ይተዉልኝ፣ ለምጄዋለሁ።

ወንድ ሁሉ ከሽንት ፊኛው ሥር ትንሽ ሎሚ የምታህል ዕጢ አለችው። ፕሮስቴት ትባላለች። የሽንት ቧንቧው በመሐሏ ያልፋል። ሥራዋ የወንድ ዘር የሚዋኝበትንና የሚመገበውን ፈሳሽ ማመንጨት ነው፤ እርስዎም አምስት ልጅ የሳሙት እሷ ሥራዋን ስለሠራች ነው። ታዲያ ዕድሜ ሃምሳን ሲሻገር ማደግ ትጀምራለች። ስታድግ ቧንቧውን ታንቀዋለች። ያን ጊዜ ሰውዬው ቶሎ ቶሎ ይመጣበታል፤ ሊሸና ሲቆም ደግሞ እምቢ ይለዋል። ቢመጣም ቀጭን ነው፣ ይቆራረጣል፤ ጨርሶ ሲሄድ እንኳ ያልጨረሰ ይመስለዋል። ጋሼ፣ የታመመው ራዲያተሩ ነው ወይስ እርስዎ?

ብዙውን ጊዜ ይህ እድገት ክፉ አይደለም፣ መድኃኒት አለው። ግን ካንሰርም ከዚያችው ዕጢ ሊነሳ ስለሚችል ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ፒ.ኤስ.ኤ የሚባል የደም ምርመራ አለ። ሐኪሙም በኋላ በኩል በጣቱ ይዳስሳል። አይቆጡ፣ ከአንድ ደቂቃ አያልፍም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያሉ ያሳደጉኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?

ክዳኑን አልልክም። የምርመራ ወረቀት ይላኩልኝ።

ጭራሮ


ኅዳር 15

ለጭራሮ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ደብዳቤሽን አውቶብሱ ውስጥ፣ በሩን ዘግቼ፣ ብቻዬን ነው ያነበብኩት። ወይ ጉድ! ትናንት አዝዬ ያስተኛኋት ልጅ ዛሬ ስለ ሽንቴ ትጠይቀኝ? ጆሮዬ ድረስ ነው የቀላሁት። እንኳን ስልክ ላይ አልሆነ።

አሁን ልንገርሽ። በእኛ መስመር አንድ ሾፌር ይህንኑ በሽታ ብሎ ሆስፒታል ገባ። ሲወጣ ከሱሪው ሥር ቱቦና ከረጢት አንጠልጥሎ ወጣ። መንጃ ፈቃዱን ተቀበሉት። አሁን መናኸሪያው በር ላይ ተቀምጦ የሚገባና የሚወጣውን ያያል፤ ሰው «ባለ ፌስታሉ» ይለዋል። ወንድነቱም አብሮ ሄደ የሚሉ አሉ። እኔ ምን ቆርጦኝ ነው እዚያ የምገባው?

ደሞስ ስጋትሽ በከንቱ ነው። የመንጃ ፈቃድ እድሳት ደርሶ ተመርምሬያለሁ። ዘንድሮ ከሃምሳ በላይ ለሆነ ሾፌር ያልሽውንም ደም ጨምረውበታል። ወረቀቱን አያይዤልሻለሁ። ዐይን ደህና፣ ስኳር ደህና፣ ግፊት ደህና። ያቺ ፒ ምናምን ያልሻት ደግሞ ሃያ ስድስት ነጥብ አራት ናት። ከስንት እንደሚታረም አላውቅም፤ ብቻ ከሌሎቹ ሾፌሮች አራት ያለፈ የለም፣ እንግዲህ አንደኛ ወጥቻለሁ ማለት ነው። «ለመንዳት ብቁ» የሚል ማኅተም ተመትቶበታል። ከታች በደቃቅ ጽሑፍ «ልዩ ሐኪም ያማክሩ» ይላል፣ እሱ ለሁሉም የሚጻፍ ነው። በይ አሁን እፎይ በይ።

አባትሽ ደህና ነው። ስላንቺ አልጠየቀም፤ ግን ደብዳቤ እንደ መጣልኝ ሲያይ ሥራውን ትቶ ትንሽ ቆሞ ነበር።

ለአንድ ጓደኛዬ ያልሽውን መድኃኒት ስሙን ጻፊልኝ። ለጓደኛዬ ነው።

ቀጥታ


ታኅሣሥ 9

ጋሼ፣

ሰላምታውን ሌላ ቀን እጽፋለሁ። ይቅርታ።

ሃያ ስድስት ነጥብ አራት ጥሩ ውጤት አይደለም። በዚህ ፈተና ያነሰው ነው የሚያልፈው። ከአራት በላይ ሲሆን ሐኪም ቅንድቡን ያነሳል፣ ከሃያ በላይ ሲሆን ደግሞ ስልክ ያነሳል። በዚህ ወረቀት ላይ ማኅተም የመታው ሰው ያየው ዐይንዎንና ስኳርዎን ነው፣ መሪ መያዝ መቻልዎን ነው።

ቁጥሩ ብቻውን ፍርድ አይደለም። ዕጢዋ ስትቆጣ ወይም ኢንፌክሽን ሲኖርም ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ ደሙ ይደገማል፤ ሐኪሙ ይዳስሳል፤ ካስፈለገም ከዕጢዋ ላይ በመርፌ ትንሽ ትንሽ ቆንጥረው ያያሉ። ካንሰር ቢሆን እንኳ ከዕጢዋ ሳይወጣ ከተያዘ ሰው ይድናል። ወደ አጥንት ከሄደ በኋላ ግን ወሬው ሌላ ነው። በየሳምንቱ በመስኮቴ ያልፋሉ፣ ጋሼ። «ወገቤን ብርድ መቶኝ ነው» ብለው ዓመት የቆዩ ሰዎች።

ዛሬ ሦስት ጊዜ ደወልኩ። «አይሰማም» ብለው ዘጉት። እየሰሙኝ ነበር። በእናቴ ይዤዎታለሁ፣ ነገ ይሂዱ።

ጭራሮ


ጥር 6

ጋሼ፣

አንድ ወር ሊሞላ ነው፣ መልስ የለም። ስልክዎም ተዘግቷል።

ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው እዞራለሁ። ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ እንደገና አወጣሁትና ቁጥሩን ትቼ ከላይ ያለውን አነበብኩ። ስም፣ የእርስዎ። ዕድሜ፣ የእርስዎ። የደም ዓይነት፣ ኦ።

እናቴ ኦፕሬሽን በሆነች ጊዜ ያስፈለጋት ደም ቢ ነበር። የሰጣት ማን ነው? ከጎኗ አልጋ ላይ ተጋድመው፣ እጅዎን እየጨበጡና እየዘረጉ፣ «ግማሽ ሰውነቴ የሷ ሆነ፣ ከእንግዲህ ብትቆጣኝ ራሷን ነው የምትቆጣው» ብለው ያሳቁን እርስዎ ነበሩ። የሰው ደም ዓይነት በዕድሜ አይቀየርም።

እኔ ቀኑን ሙሉ የሰው ስም ከሰው ደም ጋር የማገናኝ ሴት ነኝ። ይህ ደም የእርስዎ አይደለም። የማን ነው?

ጭራሮ


ጥር 25

ለጭራሮ፣

እንደምን አለሽ። እኔ አለሁ፣ ግን ደብዳቤሽን ካየሁ ወዲህ እህል አልበላ ብሎኛል።

እሺ፣ ያዝሽኝ። ደሙ የኔ አይደለም።

በሾፌር ዘንድ አንድ ልማድ አለ፤ «ክንድ ማዋስ» እንለዋለን። ስኳር ያለበት፣ ወይ ሌላ ነገር የሚጠረጥር ሾፌር የምርመራው ቀን ሲደርስ ጤነኛ ጓደኛውን ይዞ ይሄዳል። ዐይንና ግፊቱን ራሱ ይለካል፣ ደም መቅጃው ክፍል ሲደርስ ስሙ ሲጠራ ጓደኛው «አቤት» ብሎ ገብቶ ክንዱን ይዘረጋል። እዚያ ያለው ሰው ቀና ብሎ አያይም፤ እሱ የሚያየው ደም ሥር ብቻ ነው። ስንት ሰው እንጀራውን ያዳነው በዚህ ነው። እኔም አንቺ የጻፍሽውን ሁሉ ከማንበቤ በፊት የራሴን ሁኔታ አውቀው ነበርና ፈራሁ። እና ተዋስኩ።

ወረቀቱን የላክሁልሽም አንቺን ዝም ላሰኝ ብዬ ነው። የጤነኛ ሰው ደም ስለሆነ ጥሩ ነው ብዬ። ቁጥሩ ሲበዛ ክፉ እንደሆነ ማን ነገረኝ!

ስለዚህ አትጨነቂ። ያዋሰኝ ሰው ምንም የለበትም። ከኔ ጋር እኩያ ነው፤ ቆሞ ሲሸና ግን ግድግዳ ያፈርሳል፣ ጠዋት ከቤቱ ከወጣ ማታ ነው። አንቺ ከዘረዘርሽው አንዱም የለበትም። እንግዲያው መሣሪያው ተሳስቷል ማለት ነው። ስሙን አልነግርሽም፤ ክንድ ያዋሰ ሰው ስም አይጠራም፣ በመሐላ ነው።

ጉንፋን ይዞኛል፤ ከሱቅ ኪኒን ገዝቼ እየዋጥኩ ነው።

ቀጥታ


የካቲት 11

ጋሼ፣

ጤና ይስጥልኝ። ረጋ ብለው ያንብቡኝ፤ እኔም ረግቼ ነው የምጽፈው፣ ሦስቱን ቀድጄ ይህ አራተኛ ወረቀቴ ነው።

ሰውዬው ምንም ስለማይሰማው ደህና ነው ብለዋል። ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ያ እርስዎን መንገድ ላይ የሚያስቆምዎ እድገት ከዕጢዋ መሐል፣ ቧንቧውን ከበው ካሉት ክፍሎች ነው የሚነሳው፤ ለዚህ ነው ቶሎ የሚሰማው። ካንሰሩ ግን በአብዛኛው ከዳር፣ ከውጭ በኩል ነው የሚጀምረው፤ ከቧንቧው ይርቃል። ቧንቧውን ስለማይነካ ዝም ይላል። ሰውዬው ግድግዳ እያፈረሰ፣ መኪና እየፈታ፣ እየሳቀ ዓመታት ሊያድግ ይችላል። የሚጮኸው የእርስዎ ደህና ሊሆን ይችላል፤ ዝም ያለው የሱ ነው የሚያስፈራኝ።

የኪኒኑን ነገር በስልክ መልእክት ልኬልዎታለሁ፣ ካላዩት እደግመዋለሁ፦ ከሱቅ የሚገዛ የጉንፋን ኪኒን ዕጢዋ ላደገባት ሰው አደገኛ ነው፤ ሽንቱን ጭራሽ ሊዘጋው ይችላል። ይተዉት።

አሁን አንድ ነገር። እናቴ በታመመች ጊዜ ደም ለመስጠት የተመረመሩት ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ እርስዎ ነዎት። የሁለተኛው ኦ ሆነ፤ የእርስዎ ግን ከእሷ ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ የእርስዎን መረጡ። ያ ሰው ኮሪደሩ ላይ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆሞ እንደነበር አስታውሳለሁ። ከጥር ጀምሮ በሐሳቤ ከዚያ ኮሪደር አልወጣሁም።

ስሙን ባይነግሩኝም ተሳስተሻል ይበሉኝ። ተሳስተሻል ቢሉኝ እግርዎን እስማለሁ።

ጭራሮ


የካቲት 30

ለጭራሮ፣

ይህን የምጽፍልሽ አልጋ ላይ ሆኜ ነው። አትደንግጪ፣ አለሁ።

የስልክ መልእክትሽን ሳላይ፣ ከደብዳቤሽም በፊት፣ የጉንፋኑን ኪኒን በላይ በላዩ ዋጥኩና መንገድ ወጣሁ። ሁለት ሰዓት እንደነዳሁ መጣብኝ። ቆምኩ፣ ወረድኩ፣ እምቢ አለኝ። ጠብታ የለም። ተመልሼ ነዳሁ። እንደገና ቆምኩ። አሁንም የለም። ሆዴ እንደ ከበሮ ተወጠረ፣ መሪው ላይ ላቤ ይንጠባጠባል። ስልሳ ሁለት ነፍስ ከኋላዬ ይዣለሁ፣ ዐይኔ እየጨለመ ነው። «ራዲያተሩ ነው» ማለት እንኳ አቃተኝ። በመጨረሻ አንድ ጤና ጣቢያ በር ላይ አቁሜ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ጎብጬ ሮጥኩ። አንዲት ነርስ ቱቦ አስገባችልኝ። አንድ ሊትር ተኩል ወጣ። እንደ ሕፃን አለቀስኩ፣ ከሥቃዩ ሳይሆን ከዕረፍቱ።

ከዚያ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ላኩኝ። የራሴን ክንድ ዘርግቼ የራሴን ደም ሰጠሁ፤ ቢ ነው። ቁጥሬ ስድስት። ሐኪሙ ዳስሶኝ «ትልቅ ናት ግን ለስላሳ ናት» አለ። ለጥንቃቄ ቆንጥረው አዩ፣ ክፉ ነገር የለም። ኪኒን ሰጡኝ። ቱቦውን ከሳምንት በኋላ ያወጡልኛል። ወንድነቴም የትም አልሄደም፣ ጠይቄዋለሁ።

እኔ ዳንኩ ማለት ነው። ታዲያ ለምንድነው ደስ የማይለኝ?

አልተሳሳትሽም። አባትሽ ነው።

ያን ቀን ከጋራዡ ጠርቼው «ክንድህን ለአንድ ሰዓት» አልኩት። ለምን ብሎ እንኳ አልጠየቀኝም። እጁን ታጥቦ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ነው የመጣው። ደሙ ሲቀዳ እኔ ውጭ ቆሜ ነበር። ሲወጣ ጥጡን እንደያዘ «በል ሂድ ንዳ» ብሎኝ ወደ ሥራው ተመለሰ።

አልነገርኩትም። እንዴት ብዬ ልንገረው? የዋሸሁትን ብነግረው ወዳጅነታችን አበቃ። ለሐኪም ብናገር ወረቀቱ የሐሰት ነውና መንጃ ፈቃዴ አበቃ። ሠላሳ አንድ ዓመት ነድቻለሁ፣ ሌላ ሙያ የለኝም። አንቺ ብትነግሪው ደግሞ ደብዳቤሽን አይከፍትም። ምክር ስጪኝ።

ቀጥታ


መጋቢት 14

ጋሼ፣

ከአልጋ በመነሳትዎ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ከልቤ ነው የምለው።

ምክር ግን የለኝም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የአባቴን ሕመም አንድ ሾፌር ያውቃል፣ እዚህ ማዶ ያለች ልጁ ታውቃለች፣ እሱ ብቻ አያውቅም። መኪና ሥር ተኝቶ ያፏጫል።

ጋራዡ ደወልኩ። ድምፄን ሲሰማ ስልኩን ለሰው ሰጠው። «ትልቁ ሰውዬ ሥራ ላይ ነው» አሉኝ። እየሰማሁት ነው፣ መዶሻውን እየሰማሁት ነው! ምን ልበል? ለማላውቀው ሰው በስልክ «አባቴ ካንሰር ሳይኖርበት አይቀርም፣ ንገሩልኝ» ልበል? ዘጋሁት።

መንጃ ፈቃድዎ ያሳዝነኛል። እውነቴን ነው፣ ያሳዝነኛል። ግን ከኅዳር እስከ ዛሬ አራት ወር ሆኗል፤ ያ ነገር አራት ወር ሙሉ ማንም ሳይነካው አድሯል። ደሙን የወሰዱት እርስዎ ነዎት። እናቴ ብትኖር ይህን ለመንገር አንድ ቀን አታድርም ነበር፤ እርስዎ ደግሞ ያን ጊዜ በደምዎ ያተረፏት ሰው ነዎት። ለሷ ያደረጉትን ለሱ ይንፈጉት?

ይህ ደብዳቤ በደረሰዎ ቀን ካልነገሩት ከእንግዲህ አጎት የለኝም። ተናግሬያለሁ።

ጭራሮ


ሚያዝያ 10

ይድረስ ለልጄ፣ ለጭራሮ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፣ ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርሽ። ደብዳቤሽ በደረሰኝ ቀን ነገርኩት። ያልጻፍኩልሽ ሙሉውን ልጽፍልሽ ብዬ ነው።

ጋራዥ ስደርስ መኪና ሥር ነበር፣ እግሩ ብቻ ነው የሚታየው። እንዲወጣ አልጠራሁትም። ፊቱን እያየሁ አልችለውም ነበርና ጎማው ላይ ተቀምጬ ለእግሩ ነገርኩት። ራዲያተሩ ከመጀመሪያውም ጤነኛ እንደነበረ፣ የታመምኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ከፍርሃት ክንዱን እንደተዋስኩ፣ ከዚያ ሃያ ስድስት ያልነውን ቁጥር። መፍቻው ድምፁን አቆመ። እግሩ አልተንቀሳቀሰም። ጨረስኩ።

ከዚያ ወጣ። እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ጣት በጣት። ይመታኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ቢመታኝም ደስ ባለኝ።

«መጀመሪያ ያወቀው ማን ነው?» አለኝ።

«ልጅህ» አልኩት። «ከወረቀቱ ላይ የደሙን ዓይነት አይታ።»

«መቼ?»

«ከጥር ጀምራ ጠርጥራለች።»

በጣቱ ቆጠረ። «ሦስት ወር» አለ። «ሦስት ወር ሙሉ ይህን ብቻዋን ይዛ ነው የተቀመጠችው?» ስለ ራሱ አንድ ጥያቄ አልጠየቀኝም። ሄዶ የእጅ መታጠቢያው ላይ ቆመና ውሃውን ከፍቶ ለረጅም ጊዜ ፊቱን ታጠበ። እኔም ዞር አልኩለት።

በማግስቱ አብረን ሄድን። የሐሰት ወረቀት ስለሆነ በስሙ አዲስ ደም ካልተቀዳ አይሆንም አሉ፤ እኔም ክንዱን እንደተዋስኩ እዚያው ፈርሜ ተናገርኩ። መንጃ ፈቃዴን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ለጊዜው አግደውታል፤ ጤናዬ ታይቶ ይወሰናል ተብሏል። አሁን ቢሮ ውስጥ የጉዞ ሰዓት እመዘግባለሁ። ሌሎቹ ሾፌሮች ልማዱን አጋለጥክብን ብለው አኩርፈውኛል፣ ግን ሦስቱ ተደብቀው መጥተው «ያ ምርመራ የት ነው?» ብለው ጠይቀውኛል።

የሱ ቁጥር ሃያ ስምንት ሆነ። ሐኪሙ ሲዳስሰው በአንድ በኩል ጠጠር የመሰለ ነገር አገኘ። አሥራ ሁለት ቦታ ቆነጠሩት። ካንሰር ነው፣ ልጄ። ግን ስሚኝ፦ አጥንቱን አዩ፣ ንጹሕ ነው። ከዕጢዋ አልወጣም ብለዋል። ዓመት ብትቆዩ ኖሮ ይህን አልላችሁም ነበር አለን ሐኪሙ። ኦፕሬሽኑ ግንቦት 5 ነው። ዕጢዋን ሙሉ በሙሉ ያወጧታል። ከዚያ በኋላ ሽንቱን ለመቆጣጠር ጥቂት ወራት ሊቸገር ይችላል፤ ሌላውንም ሌላውንም ነግረውታል። እሱም «የፈለጋችሁትን አውጡ፣ እጄን ብቻ ተዉልኝ» አላቸው።

ትናንት ማታ ከሥራ ስንወጣ ደብዳቤዎችሽን ጠየቀኝ፤ የአራት ዓመቱን ሁሉ። ሰጠሁት። ዛሬ ጠዋት ዐይኑ አብጦ መጣ። ይህን ደብዳቤ እየጻፍኩ እንደሆነ ሲያውቅ እስክሪብቶውን ከእጄ ቀማኝ። ከዚህ በታች ያለው የሱ ነው፤ ጽሑፉ ቢወላገድ እጁ መፍቻ እንጂ እስክሪብቶ ስላልለመደ ነው።

አጎትሽ


ልጄ፣

ጽሑፍ አልችልበትም፣ ታውቂያለሽ።

ደህና ነኝ። ምንም አያመኝም።

ሐኪሙ ለኦፕሬሽኑ ቀን ከጎንህ የሚሆን ሰው ማን አለህ አለኝ። አጎትሽ እኔ አለሁ ሊል አፉን ከፈተ። ቀደምኩት። ልጅ አለችኝ አልኩ። የት ናት አለኝ። በመንገድ ላይ ናት፣ እየመጣች ነው አልኩት። እሱም ጻፈው።

ውሸታም አታድርጊኝ።

አባትሽ